የሚግዳል ምግብ ቤቶቻችንና የጥለቱ ጉዳይ

እንደሚታወቀው ሚግዳል የአሽቀሎን ነባር ሰፈር ናት። እ.ኤ.አ. ከ1948ቱ ጦርነት በፊት መጅደል ተብላ በሸማኔዎቿ የታወቀች የፍልስጤማውያን ከተማ ነበረች፤ የመጨረሻዎቹ ነዋሪዎቿ በ1950 ለቀው እንዲወጡ ተደርገዋል። በ1984 እና 85 በሙሴ ዘመቻ፣ በ1991 በሰሎሞን ዘመቻ ከመጣው ወገናችን ከፊሉ አሽቀሎን ሰፍሯል። ከጎንደር ከመጡት አባቶቻችንም ብዙዎቹ ሸማኔዎች ነበሩ። ሸማኔ በጥለቱ ይለያል። ይህን ያነሣነው በአካባቢው ስላሉት ትናንሽ የሐበሻ ምግብ ቤቶች አስተያየት ለመስጠት ነው፤ ጥለት አጥተዋልና።

ከጎበኘናቸው አንዱን የቀመሰ ሌላውንም እንደቀመሰ ነው። የምግቡ ዝርዝር አንድ፣ ግድግዳው ላይ የተሰቀለው የመሶብ ሥዕልም አንድ፤ ልዩነቱ ዋጋው ብቻ ነው። አንዱ ሁለት ሼቅል ቢቀንስ ጎረቤቱ ሦስት ይቀንሳል። የርካሽነቱ ምክንያት ግን እንጀራው ላይ ይታያል፤ በቅጡ ሳይቦካ፣ አብሲት ሳይገባበት የተጋገረ፣ ዐይን የሌለው ነው። ፋላፌልና ሻዋርማን በርካሽነት ማሸነፍ አይቻልም። ዋናው ተፎካካሪ ደግሞ ከዚያም ይቀርባል፤ እናቶቻችን በየቤታቸው ይጋግራሉ፣ ማኮሌቱም እንጀራ በላስቲክ ይሸጣል። ታዲያ ቤቱ ያለውን ለመብላት ማን ገንዘብ ከፍሎ ይወጣል?

አንዲት ምግብ ቤት ግን ልዩ ሆና አግኝተናታል። ሥጋና ወተት እንዳይቀላቀል በሚያዘው የካሽሩት ሕግ ምክንያት ሥጋ ወጥ ውስጥ ቅቤ አይገባም። ሌሎቹ ቅቤውን ሲተዉ ጣዕሙንም አብረው ትተዋል። የዚህች ቤት ባለቤት ግን ኮረሪማውን፣ ኮሰረቱንና በሶብላውን በዘይት ታነጥራለች፤ ወጡ ሳይከፈት በፊት ሽታው ይጣራል። ዓርብ ረፋዱ ላይ የሰንበት ዳቦ ትጋግራለች። ቡናዋም ከአቦል እስከ በረካ ይደርሳል። እናቶቻችን ሲያደርጉት የኖሩትን ነው፤ ጥለቷ ይኸው ነው።

አንድ ጉድለት ግን ሳንጠቅስ አናልፍም። የምግቡ ዝርዝር በአማርኛ ብቻ ተጽፎ፣ ስለ ምግቡ አንድም ማብራሪያ የለበትም። ዕብራይስጥ ተናጋሪው እንግዳ የበላውን ሳያውቅ ይወጣል። በቴል አቪቭ፣ በካርሜል ገበያ አጠገብ የተከፈተው «ባልንጀራ» በስሙ ብቻ እንጀራና ወዳጅነትን አገናኝቶ ለማስረዳት ሞክሯል። የእኛዎቹ ለምን ያንሳሉ?

ነገሩ የእንግዶች ብቻ አይደለም። እዚህ የተወለዱት ልጆቻችን ብዙዎቹ ፊደል አያነቡም፤ የአያታቸውን ወጥ ስም የሚያውቁት በሁለቱም ቋንቋ ሲጻፍላቸው ነው። ስለዚህ ለባለቤቶቹ ምክራችን አጭር ነው። ዋጋውን ተዉት። እያንዳንዳችሁ ከመጣችሁበት አገር፣ ከወገራም ይሁን ከሰሜን ወይም ከደምቢያ፣ አንድ ምግብ ምረጡ፤ በደንብ ሥሩት፤ ከየት እንደመጣ ጻፉበት። ያን ጊዜ ደንበኛው ሚግዳል ሲመጣ ርካሹን ሳይሆን የእናንተን ቤት ብሎ ይመጣል።