«ተርሚኔትድ» የምትል አንድ መስመር

ድሬዳዋ ውስጥ ሰነድ ለሚተረጉም ሰው የፋብሪካ ማሽን መመሪያ ያን ያህል አያስቸግርም። የሚያላብ የስንብት ደብዳቤ ነው፣ ያውም ሦስት መስመር የማይሞላው። «ውልዎ ከዚህ ቀን ጀምሮ ተርሚኔትድ ሆኗል» ይልና ይፈረምበታል። ጊዜው አልቆ ይሁን፣ አሠሪው አባሮ ይሁን፣ ደብዳቤው ትንፍሽ አይልም።

ቃሉ ከላቲን የመጣ ነው። «ተርሚኑስ» የወሰን ድንጋይ ሲሆን፣ ሮማውያን በዚሁ ስም የሚጠራ የወሰን አምላክም ነበራቸው። ፈረንሳዮች ደግሞ የባቡር መጨረሻ ጣቢያን እንዲህ ይሉታል። ድሬዳዋም ሐዲዱ ከጅቡቲ በታኅሣሥ 1895 ዓ.ም. ሲደርስ ተርሚኑስ ነበረች፤ ባቡሩ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ነው። የሐረር ተራራ አስቸግሮ ሸመንደፈሩ ሜዳው ላይ ባይቆም ኖሮ ከዚራ የሚባል ሰፈርም ባልኖረ።

የቃሉ ዘመዶች ብዙ ናቸው። «ኤክስፓየር» ጊዜው አለፈበት፣ «ካንስል» ተሰረዘ፣ «ሲዝ» ሲሠራ የነበረው ቆመ፤ እነዚህ አያጣሉም። ተንኮለኛው «ኮንክሉድ» ነው። ንግግር ከሆነ መደምደም፣ ውል ከሆነ ግን መዋዋል! «ውሉ ተጠናቀቀ» ብሎ የሚተረጉመው ሰው ገና ያልተጀመረ ሥራ ይዘጋል።

የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ሁሉንም «የሥራ ውል መቋረጥ» በሚል ስም ይሰበስባል፦ የተወሰነ ሥራ ማለቅን፣ ጡረታን፣ ሞትን፣ የድርጅት መክሰርን፣ ማባረርንም። ስለዚህ «ተቋርጧል» ብዬ እጽፋለሁ፤ እንግሊዝኛው የደበቀውን አድራጊ አማርኛውም ይደብቃል። «ተባረዋል» ብል ያልተጻፈ መጨመር ነው፣ «ጊዜው አብቅቷል» ብል ለአሠሪው ማድላት ነው። ልዩነቱ ደግሞ ኪስ ይነካል፦ አሠሪው በማስጠንቀቂያ ሲያሰናብት የሙከራ ጊዜውን ለጨረሰ እስከ አንድ ዓመት ላገለገለ አንድ ወር፣ ከአንድ እስከ ዘጠኝ ዓመት ላገለገለ ሁለት ወር፣ ከዚያ በላይ ሦስት ወር መስጠት አለበት። ማስጠንቀቂያው ምክንያቱንና ውሉ የሚቋረጥበትን ቀን በጽሑፍ መያዝም አለበት። ብዙ ጊዜ ቀኑ አለ፣ ምክንያቱ የለም።

ከመጋላ ሰፈር የመጡ አንድ አባት ትርጉሙን አንብቤላቸው ስጨርስ፣ «አቦ፣ ተባረርኩ በለኛ!» አሉኝ።

«አባባ፣ እንደዚያ አላሉም። ለምን እንደሆነም አልጻፉም።»

«ታዲያ ይጻፉዋ!»

ጥያቄያቸውን በአማርኛ ጻፍኩላቸው። ለዚያኛው ወረቀት አላስከፈልኳቸውም።