መጨረሻው ታውቆ መንገዱ ሲጠፋ

ስለ «ጌም ኦፍ ትሮንስ» ሲነሳ ተመልካች የሚያማርረው በመጨረሻው ነው፤ ዙፋን ፈላጊዋ ዴኔሪስ ለምን ከተማዋን አቃጠለች፣ ብራን እንዴት ነገሠ እያለ። ተከታታይ ድራማ እየጻፍን የምንተዳደር ሰዎች ስንገናኝ ግን ጭቅጭቃችን ከዚያ አራት ዓመት ቀድሞ የተላለፈው አምስተኛው ምዕራፍ ላይ ነው። ነገሩ የተበላሸው እዚያ ነው ባይ ነኝ።

ድራማው የተመሠረተባቸውን መጻሕፍት የጻፈው ጆርጅ አር. አር. ማርቲን የመጀመሪያውን ያሳተመው እ.ኤ.አ. በ1996 ነው። ሦስተኛው በ2000፣ አራተኛው በ2005፣ አምስተኛው በ2011 ወጣ። ድራማው ኤችቢኦ ላይ የጀመረውም በዚያው በ2011 ነበር። ደራሲው ገና ብዙ የሚቀድም ይመስል ነበር። ካሜራ ግን ደራሲ አይጠብቅም። መጽሐፉ ውስጥ ብራን ሲጀመር የሰባት ዓመት ልጅ ነው፤ ደራሲው ከፈለገ አስር ዓመት ሙሉ ልጅ አድርጎ ያቆየዋል። ተዋናዩ ግን ቁመቱ ይመዘዛል፣ ድምፁ ይጎረንናል። ስለዚህ አዘጋጆቹ ዴቪድ ቤኒዮፍና ዲ. ቢ. ዋይስ ደራሲው ወደሚኖርበት ሳንታ ፌ ሄደው የታሪኩን ማረፊያ ጠየቁት፤ እሱም ነገራቸው።

ማረፊያን መንገር ከባድ አይደለም፤ አንድ ምሽት ይበቃዋል። በአንድ ምሽት የማይነገረው ምክንያቱ ነው። የመጀመሪያዎቹን መጻሕፍት ያስወደደው ማንም ያለ ምክንያት አለመሞቱ ነው። የብራን አባት ኔድ ስታርክ የንግሥቲቱን ገመና ካወቀ በኋላ ለልጆቿ አዝኖ እንድታመልጥ አስቀድሞ ነገራት፤ አንገቱን ያሳጣው ያ ርኅራኄው ነው። ልጁ ሮብ የጋብቻ ቃሉን አጠፈ፤ ሠርግ ቤት ውስጥ ታረደ። እንዲህ ያለ ታሪክ ወደ ፊት ይጻፋል እንጂ ከመጨረሻው ወደ ኋላ አይጻፍም። ወደ ኋላ ስትጽፍ ሰውዬው የሚንቀሳቀሰው ስለፈለገ ሳይሆን አንተ እዚያ ቦታ ስለምትፈልገው ይሆናል።

የኔድን ልጅ የሳንሳን ነገር እንየው። አምስተኛው መጽሐፍ ላይ ለአረመኔው ራምሲ ቦልተን የምትዳረው ሳንሳ አይደለችም፤ የስታርኮች ቤተ መንግሥት የዊንተርፌል መጋቢ ልጅ ናት፣ የሳንሳ እህት አርያ ናት ተብላ በሐሰት የቀረበች። ሳንሳ በዚያ ጊዜ ሩቅ አገር፣ የሴረኛው ባላባት የሊትልፊንገር ልጅ ነኝ ብላ ተደብቃ ሴራ እየተማረች ነው። በ2015 የተላለፈው ምዕራፍ የዚያችን ምስኪን ልጅ መከራ ለሳንሳ ሰጣት። እንደ ባለሙያ ሐሳቡ ይገባኛል፤ ተመልካች ለማያውቃት ልጅ አያለቅስም፣ ለሳንሳ ግን ያለቅሳል። ችግሩ ያለው ሊትልፊንገር ዘንድ ነው። ያ በሰው ምስጢር የሚነግድ ሰው፣ በእጁ ያለችውን ትልቋን ሀብት ጠባዩን ለማያውቀው ሰው አሳልፎ ሰጠ ተባልን። አንዲት ገጸ ባሕርይ ለመጠቀም ሲባል የሌላው ብልኅነት ተበላ።

የመቁረጡ ጉዳይም አለ። ያላለቀ መጽሐፍ ስትቆርጥ የትኛው ሰው ምሰሶ እንደሆነ አታውቅም። አምስተኛው መጽሐፍ፣ ሞቷል የተባለ የዴኔሪስ ወንድም ልጅ ነኝ የሚል ወጣት ከነሠራዊቱ ያመጣል፤ ድራማው ጭራሽ አላነሳውም። በእኔ አነባበብ ሕዝቡ ከዴኔሪስ ይልቅ የሚወደው፣ እሷንም የሚያሳብዳት ይህ ልጅ ሊሆን ይችል ነበር። እሱ ሲቀር ሸክሙ ሁሉ ሌላው የወንድሟ ልጅ ጆን ስኖው ላይ ወደቀ፤ የቀሩት ክፍሎች ደግሞ ጥቂት ነበሩ፤ ሰባተኛው ምዕራፍ ሰባት፣ ስምንተኛው ስድስት ብቻ።

የተሳካላቸውም አለ። ብራንን ተሸክሞ የሚዞረው የሆዶር ስም ምስጢር ከማርቲን የመጣ ነው፤ ስክሪን ላይ አንጀት ይበላል። ለምን? መንስኤውም ውጤቱም እዚያው አንድ ትዕይንት ውስጥ ስላሉ፤ መንገድ አያስፈልገውም።

ያላለቀ ታሪክን በሌላ መንገድ የሠሩም አሉ። ጃፓኖች በ2003 «ፉልሜታል አልኬሚስት»ን ወደ አኒሜ (የካርቱን ፊልም) ሲለውጡ ማንጋው፣ ማለትም በሥዕል የሚተረከው መጽሐፉ፣ ገና እየተጻፈ ነበር። እነሱ የራሳቸውን መጨረሻ ከራሳቸው ምክንያት ጋር ሠሩ። ማንጋው ሲያልቅ ሌላ አኒሜ፣ ደራሲዋ ሂሮሙ አራካዋ የጻፈችውን ተከትሎ፣ አብሮ አለቀ። ሁለቱም እስከ ዛሬ ድረስ ወዳጅ አላቸው። መንገዱን ፈጥሮ መጨረሻውን መዋስ ግን ሌላ ነገር ነው፤ ጫማው የአንዱ፣ እግሩ የሌላው።

እኔ ያላለቀ መጽሐፍ ቢሰጠኝ ደራሲውን መጨረሻህ ምንድነው አልለውም። ማንን ብቆርጥብህ ታሪኩ ይፈርሳል ብዬ ነው የምጠይቀው። ማርቲን ግን ደራሲዎችን በመሐንዲስና በአትክልተኛ ከፍሎ ራሱን ከአትክልተኞቹ የሚመድብ ሰው ነው፤ እየጻፈ ነው የሚያገኘው። እንዲህ ላለ ሰው ጥያቄዬን ባቀርብለት፣ መልሱን እሱም የሚያውቀው ስድስተኛውን መጽሐፍ ጽፎ ሲጨርስ ነው።