ሕልሙ የማን ነው? ምናባዊ ሥራ በመጽሐፍ፣ በፊልምና በጨዋታ ሰሌዳ

ሕፃን ሁሉ «ተረት ተረት» ሲባል «የመሠረት» ብሎ በሚመልስበት አገር ምናባዊ ድርሰት እንግዳ ነው ማለት አይቻልም። እንደ ሰው የሚናገሩ እንስሳትና ሰው የሚበላ ጭራቅ በምድጃ ዳር ከአያት አፍ ሲወርዱ የኖሩ ናቸው። ሆኖም ይኸው ዐይነት ፈጠራ በመጽሐፍ ታትሞ፣ በፊልም ተቀርጾ ወይም በጨዋታ ሰሌዳ ላይ ተዘርግቶ ሲቀርብ ሁለት የተራራቁ አስተያየቶች ይሰነዘሩበታል። አንደኛው፣ የኅብረተሰቡን ዕለታዊ ኑሮ በቀጥታ ያልቀዳ ሥራ ሁሉ የሥራ ፈት ቅዠት ነው ይላል። ሁለተኛው ደግሞ የሳይንስ ልብ ወለድ የበለጸጉት አገሮች ሀብት ስለሆነ ከእነርሱ እንዳለ መውሰድ ይበቃል ባይ ነው። የመጀመሪያው ምናብን ከሥሩ ይነቅላል፤ ሁለተኛው የሰው ሕልም ያስልማል። ሁለቱም የሚዘነጉት ጥያቄ ግን አንድ ነው፤ ሕልሙ የማን ነው? የሚያርፈውስ በማን ኑሮ ላይ ነው?

ይህን ጥያቄ ለመመርመር ጎንደር ጥሩ መነሻ ናት። ከተማዪቱና በዙሪያዋ ያለው ደጋ በአንድ በኩል የባዕዳን ሕልም መፍለቂያ ሆነው ኖረዋል፤ በሌላ በኩል የራሱን ሕልም ለዓለም ያሳየ የፊልም ሰው አፍርተዋል።

አፄ ፋሲለደስ ኢየሱሳውያን ሚስዮናውያንን ከአገር ካስወጡ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1636 ጎንደርን ቆረቆሩ። በዚያን ዘመን ከአገር ከወጡት መካከል ፖርቱጋላዊው ጀሮኒሞ ሎቦ ይገኝበታል። ሎቦ የጻፈው የጉዞ ታሪክ ከመቶ ዓመት በኋላ በእንግሊዛዊው ደራሲ በሳሙኤል ጆንሰን እጅ ገባ። ጆንሰን መጽሐፉን ወደ እንግሊዝኛ መልሶ እ.ኤ.አ. በ1735 አሳተመ፤ እ.ኤ.አ. በ1759 ደግሞ ራሴላስ ስለ ተባለ የኢትዮጵያ ልዑል የራሱን ልብ ወለድ ደረሰ። ኢትዮጵያን በዐይኑ አላየም። መጽሐፉን በኋላ ሲራክ ኅሩይ ወደ አማርኛ ስለመለሱት የአማርኛ አንባቢም ያውቀዋል።

በታሪኩ ውስጥ የነገሥታት ልጆች በአማራ አገር በተራሮች በተከበበ ሸለቆ በድሎት ተዘግተው ይኖራሉ። ከዚያ መውጣት የሚመኘው ራሴላስ አንድ የእጅ ጥበብ ሊቅ ያገኛል። ሊቁ የሌሊት ወፍን ክንፍ አጥንቶ፣ አንድ ዓመት ደክሞ የመብረሪያ ክንፍ ይሠራል፤ ነገር ግን ከአፋፍ ዘሎ እንደ ተነሣ ወዲያው ሐይቅ ውስጥ ይወድቃል። በአየር ያልጠቀሙት ክንፎች በውኃው ላይ ያንሳፍፉታል። የሳይንስ ልብ ወለድ የሚለው ስም ገና ሳይወጣ የተጻፈው ይህ ምዕራፍ የዘርፉን ፍሬ ነገር ይዟል። ሊቁ ክንፉን ከመሥራቱ በፊት ጥበቡ በምሥጢር እንዲያዝ ይጠይቃልና፤ ክፉዎች እንዳሻቸው ከሰማይ መውረድ ከቻሉ ደጎች ምን መጠጊያ ይኖራቸዋል የሚል ሥጋት አለበት። ከ176 ዓመት በኋላ የፋሺስት ኢጣሊያ አውሮፕላኖች በኢትዮጵያ ሰማይ ላይ የመርዝ ጋዝ ሲያዘንቡ ያ ሥጋት ልብ ወለድ መሆኑ ቀረ። ምናባዊ ድርሰት ቅዠት ነው ለሚሉ ከዚህ የበለጠ መልስ አያስፈልግም።

ይሁን እንጂ የጆንሰን ሕልም ዐይኑ ከሩቅ ነው። ከአፄ ፋሲለደስ ዘመን ጀምሮ የጎንደር ነገሥታት ዘሮች ይጋዙበት የነበረው ወህኒ አምባ የድሎት ሸለቆ አልነበረም፤ ዙሪያው ገደል የሆነ የግዞት ተራራ ነበር። ስሙም እስከ ዛሬ ከእስር ቤት ጋር ተጣብቆ ቀርቷል። ጆንሰን የልዑሉን የነፃነት ናፍቆት በሚገባ አይቷል። የአምባውን ብርድ፣ የዘበኛውንና ስንቅ ተሸካሚውን ገበሬ ግን አላያቸውም። እነዚህን ሊያይ የሚችለው የአገሬው ደራሲ ነው።

ከራሴላስ 250 ዓመት በኋላ፣ በ2001 ዓ.ም. የታተመው የይስማዕከ ወርቁ «ዴርቶጋዳ» ለዚህ የተሰጠ አንድ መልስ ሆኖ ሊቆጠር ይችላል። መጽሐፉ የጠፈር ሳይንስን፣ የስለላ ድርጅቶችን ሽኩቻና የጣናን ገዳማት በአንድ ገመድ ያስተሳስራል። ደጋግሞ መታተሙና ከእጅ ወደ እጅ መዘዋወሩ ወጣቱ አንባቢ ኢትዮጵያዊ ሊቅን በሳይንስ ታሪክ መካከል ቆሞ ለማየት ምን ያህል ተጠምቶ እንደ ነበር ያሳያል። ሊቃውንቷ በስደት ለተበተኑባት አገር ይህ ተራ ምኞት አይደለም። ድክመቱ ደግሞ ከብርታቱ አጠገብ ይገኛል። ታሪኩ በግጥምጥሞሽ ይጣደፋል፤ ሳይንሱ አሠራሩ ሳይብራራ እንደ ተአምር ይከሰታል። የጆንሰን ሊቅ ቢወድቅም ክንፉ እንዴት እንደ ተሠራ አንባቢው ያውቃል። በ«ዴርቶጋዳ» ግን ድሉ እንጂ ድካሙ አይታይም። ተማሪን ወደ ቤተ ሙከራ የሚያስገባው ግን ድካሙን ማየቱ ነው።

በፊልሙ መስክ ጎንደር የራሷ ምስክር አላት። እ.ኤ.አ. በ1946 በጎንደር የተወለዱት ኃይሌ ገሪማ እ.ኤ.አ. በ1993 ያቀረቡት «ሳንኮፋ» የምናብን ኃይል እስከ ጥግ የተጠቀመ ሥራ ነው። በጋና የባሕር ዳር ምሽግ ፎቶግራፍ የምትነሣ ሞና የተባለች ጥቁር ሞዴል ወደ ምሽጉ ምድር ቤት ስትወርድ በሰንሰለት የታሰሩ ሰዎች ይከቧታል፤ ከዘመኗ ተነጥቃም በሸንኮራ አገዳ እርሻ ሾላ የተባለች ባሪያ ትሆናለች። ወደ ኋላ የወሰዳት በፋብሪካ የተሠራ የጊዜ መኪና አይደለም፤ የአባቶች ጥሪና የከበሮ ድምፅ ነው። ርእሱም በአካን ቋንቋ ተመልሶ የተረሳውን ማንሣትን ያመለክታል። ስለዚህ ምናቡ ከታሪክ መሸሻ ሳይሆን ወደ ታሪክ መግቢያ በር ሆኗል። አንዳንድ ገጸ ባሕርያት እንደ ዐዋጅ ሲናገሩ የድራማው ግለት መቀዝቀዙ አይካድም። ነገር ግን በእናቱ በኑኑና በነጮቹ እምነት መካከል ተቀዶ በመጨረሻ እናቱን በገዛ እጁ በሚገድለው በጆ በኩል ባርነት የሰውን ልብ እንዴት እንደሚወርስ ተገልጧል። የአሜሪካ አከፋፋዮች ፊልሙን ሊይዙት ባልፈቀዱ ጊዜ አዘጋጁና ባለቤታቸው ሺሪክያና አይና አዳራሽ እየተከራዩ፣ ከከተማ ወደ ከተማ እየዞሩ አሳዩት። የሕልሙ ባለቤትነት እስከ ትኬቱ ሽያጭ ድረስ ተጠብቋል።

እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣው «ክራምብስ»፣ ማለትም «ፍርፋሪ»፣ ከዚህ ጋር ሲነጻጸር ጠቃሚ ትምህርት ይሰጣል። ዓለም ከጠፋች በኋላ የሚፈጸመውን ይህን የአማርኛ የሳይንስ ልብ ወለድ ፊልም ያዘጋጀው ስፔናዊው ሚጌል ያንሶ ነው፤ ዋና ተዋንያኑ ዳንኤል ታደሰና ሰላም ተስፋዬ ናቸው። የዳሎል መልክዐ ምድር ሌላ ፕላኔት ሆኖ ይታያል፤ ከሰማይ ላይ ለዘመናት የቆመ የጠፈር መርከብ ተንጠልጥሏል። በሕይወት የተረፉት ሰዎች የፕላስቲክ አሻንጉሊትንና የማይክል ጃክሰንን ሸክላ እንደ ቅርስ ያከብራሉ። ምጸቱ የሰላ ነው፤ የባዕድ ገበያ ትርፍራፊ እንደ ታቦት የሚመለክበት ዘመን ለተመልካቹ ሩቅ አይደለም። ነገር ግን ኢትዮጵያ በፊልሙ ውስጥ ይበልጡን አስገራሚ መልክዐ ምድር እንጂ የሚያስብ ኅብረተሰብ ሆና አትታይም። እንደ ጆንሰን ሁሉ፣ አስተዋይ እንግዳ የሩቁን አይቶ የቅርቡን አልፎታል።

የጨዋታ ሰሌዳም ከዚህ ሚዛን ውጭ አይሆንም። እ.ኤ.አ. በ1974 በአሜሪካ የወጣው «ደንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ» ተጫዋቾች በቡድን ተቀምጠው የግንብና የዘንዶ ታሪክ በቃል የሚፈጥሩበት ጨዋታ ነው። ሥልቱ ከተረት ጋር የቅርብ ዘመድ ነው፤ ግንቡ ግን የአውሮፓ ነው። የፋሲል ግንብ በደጁ የቆመለት ወጣት በቦታው የራሱን ቢያኖር ምን ይከለክለዋል? የአገሩ ሰንጠረዥም አለ። በጎንደር እ.ኤ.አ. በ1860 ያረፈው የእንግሊዝ ቆንስል ዋልተር ፕላውደን ጨዋታውን በጽሑፍ መዝግቦታል። በሌላው ዓለም ቼዝ ተራ ጠብቀው ይጫወታሉ። በሰንጠረዥ ግን በ«ወረራ» ጊዜ፣ የመጀመሪያው ጠጠር እስኪበላ ድረስ፣ ሁለቱም ወገኖች ያለ ተራ ሠራዊታቸውን በአንድ ጊዜ ያንቀሳቅሳሉ። በኃያላን ጠጠሮች ከማሸነፍ ይልቅ በደካሞቹ ንጉሡን መያዝ የበለጠ ያስመሰግን ነበር። ይህ ራሱን የቻለ የጦርነትና የክብር አስተሳሰብ ነው። ዛሬ በዚህ ሕግ ሲጫወቱ ማየት ብርቅ መሆኑ የጨዋታ ብቻ ሳይሆን የሐሳብም ኪሳራ ነው።

እንግዲህ የምናባዊ ሥራ ዋጋ በመንኮራኩሩ ርቀት ወይም በዘንዶው ትልቅነት አይለካም። የሚለካው ያለመው ሕዝብ ራሱን ሊያይበት በመቻሉ ነው። ከባዕድ መማር አያሳፍርም፤ የሌሊት ወፍን ክንፍ ያጠናው ሊቅም ከሌላ ፍጥረት ተምሯል። ነገር ግን ክንፉን ለራሱ ትከሻ ልክ መሥራት ነበረበት። መምህሩ የራሴላስን ምዕራፍ በክፍል አንብቦ፣ ልዑሉ ከጆንሰን ሸለቆ ሳይሆን ከወህኒ አምባ ቢነሣ ምን ይሆን ነበር ብሎ ተማሪዎቹን ቢጠይቅ ሥራው ተጀመረ ማለት ነው። የሚበረውን ሰው ጆንሰን ከሩቅ ጽፎታል። ከአፋፉ ሥር ሆኖ፣ ከብቶቹን እየጠበቀ ቀና ብሎ ያየው የደጋ ልጅ ግን ገና አልጻፈውም።