የሳውና ብርድ ልብስና አብሮት የሚመጣው ወረቀት

ከቦሌ መድኃኔዓለም እስከ ገርጂ፣ ከዚያም አልፎ እስከ ሲኤምሲና አያት ባለው የከተማችን ምሥራቃዊ ክፍል የሳውና፣ የስቲምና የወይባ ጢስ አገልግሎት የሚሰጡ ቤቶች በርክተዋል። ወደነዚህ ቤቶች መመላለስ የሰለቸው ሰው ደግሞ ከዱባይ ወይም ከአሜሪካ በሻንጣ የመጣለትን የኢንፍራሬድ ሳውና ብርድ ልብስ በመኝታ ቤቱ ዘርግቶ ይተኛበታል። ዕቃው እንደ መኝታ ከረጢት የሚዘጋ፣ በውስጡ የሚሞቁ ሽቦዎች ያሉት፣ ራስን ብቻ ውጭ የሚያስቀር ነው። በዚህ ጽሑፍ የምንሄሰው ግን ከዕቃው ይልቅ አብሮት የሚመጣውን ወረቀት ነው፤ ታካሚዎቻችን ይዘውልን የሚመጡት ጥያቄ የሚነሣው ከዚያ ነውና።

የወረቀቱ ቀዳሚ ቃል ጨረሩ ወደ ሰውነት ጠልቆ ይገባል የሚል ነው። ይህ ከፊዚክስ ጋር አይስማማም። ሙቀቱ 60 ዲግሪ ሴልሺየስ የደረሰ ነገር በብዛት የሚያመነጨው ጨረር የሞገዱ ርዝመት 9 ማይክሮሜትር አካባቢ ነው፤ እንዲህ ያለውን ጨረር የቆዳ የላይኛው ሽፋን ገና አንድ ሚሊ ሜትር ሳይዘልቅ ይውጠዋል። በነገራችን ላይ የራሳችን ቆዳም ከዚህ ብዙ ያልራቀ ጨረር ያመነጫል፤ በጋቢ የተጠቀለለ ሰው ሁሉ በዚህ አነጋገር የኢንፍራሬድ ተጠቃሚ ነው። ከቆዳ በታች ያለውን አካል የሚያሞቀው ከቆዳ ሙቀት ተቀብሎ የሚዘዋወረው ደም እንጂ ጨረሩ አይደለም።

ሁለተኛው ቃል «መርዝ ያስወግዳል፣ ውፍረት ይቀንሳል» የሚለው ነው። ላብ ከሞላ ጎደል ውኃና ጨው ነው። የማጣራቱን ሥራ የሚሠሩት ኩላሊትና ጉበት ናቸው፤ በሚዛን ላይ የታየው ቅናሽም ውኃ በተጠጣ ጊዜ ይመለሳል። በዚህ ላይ ብዙ መጻፍ አያስፈልግም።

ሦስተኛው ግን ጠንከር ያለ መልስ ይሻል፤ እውነተኛ ጥናት ይጠቅሳልና። እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመው የምሥራቅ ፊንላንድ ጥናት 2,315 ወንዶችን ለ20 ዓመታት ያህል ተከታትሎ፣ ሳውና የሚያዘወትሩት በድንገተኛ የልብ ሞት የመሞታቸው መጠን ዝቅተኛ ሆኖ አግኝቶታል። ይሁን እንጂ ጥናቱ የምልከታ ጥናት ነው፤ ሳውናውም 80 ዲግሪ ገደማ የሚሞቅ አየር ያለበት የእንጨት ክፍል እንጂ ብርድ ልብስ አይደለም። ለእኛ ጉዳይ የሚቀርበው የጃፓኖቹ «ዋኦን» ሕክምና ነው። በዚህ ሕክምና የልብ ድካም ታማሚ በ60 ዲግሪ የኢንፍራሬድ ክፍል ውስጥ ለ15 ደቂቃ ከቆየ በኋላ በብርድ ልብስ ተሸፍኖ 30 ደቂቃ ያርፋል። ይህም የሚደረገው በሐኪም ክትትል ሥር ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣው ባለብዙ ማዕከል ሙከራ እንኳ በዋናው መለኪያው በሁለቱ ቡድኖች መካከል ጉልህ ልዩነት አላሳየም። ከዚህ ተነሥቶ ቤት ውስጥ ብቻውን የሚተኛን የደም ግፊት ታካሚ ማደፋፈር ከማስረጃው በእጅጉ የቀደመ ድፍረት ነው።

ወረቀቱ የማይናገረው ነገር ደግሞ ከሚናገረው ይበልጣል። በሳውና ክፍል ውስጥ ሞቃቱ አየር ሙቀት የሚያስተላልፈው በዝግታ ነው፤ ላቡም እየተነነ ቆዳን ያበርዳል። በብርድ ልብሱ ውስጥ ግን የሞቀው ጨርቅ ቆዳን ይነካል፣ ላቡም መትነኛ አጥቶ ይጠራቀማል። ስለዚህ የሁለቱን ዲግሪ ማወዳደር ፍጹም ስሕተት ነው። ሞሪትዝና ሄንሪክስ እ.ኤ.አ. በ1947 ባሳተሙት ሥራ፣ 44 ዲግሪ የሆነ ንክኪ ቆዳን ለማቃጠል 6 ሰዓት ያህል ሲወስድበት፣ ከዚያ በላይ በእያንዳንዱ ዲግሪ ጊዜው በግማሽ እየቀነሰ ሄዶ በ49 ዲግሪ ወደ 10 ደቂቃ እንደሚወርድ አሳይተዋል። ጤናማ ሰው ገና ሲያቃጥለው ይገላበጣል። በስኳር ሕመም ምክንያት የእግሩ ነርቭ የተጎዳ፣ በሥጋ ደዌ ስሜቱን ያጣ፣ ወይም ጠጥቶ የተኛ ሰው ግን አይገላበጥም።

እርጉዝ ሴት ፈጽሞ ልትገባበት አይገባም። እ.ኤ.አ. በ1992 የታተመ የአሜሪካ ጥናት በእርግዝና መጀመሪያ ሳምንታት በሙቅ ገንዳ መነከርን ከጽንሱ የነርቭ ቧንቧ ጉድለት ጋር አያይዞታል፤ ይህ ጉድለት በአገራችን ምን ያህል እንደሚታይ ለአንባቢ መንገር አያሻም። መድኃኒቶችንም ልብ ማለት ይገባል። ፍሮሴማይድና ሃይድሮክሎሮታያዛይድ ፈሳሽ ያስወጣሉ፣ አምሎዲፒን የደም ሥርን ያሰፋል፣ አሚትሪፕቲሊን ላብን ያግዳል፣ በሙቀት ጊዜ ደግሞ ከቆዳ ሥር የተወጋ ኢንሱሊን ፈጥኖ ወደ ደም ይገባል። ጾምም ሌላው ጉዳይ ነው። በዐቢይ ጾም እስከ 9 ሰዓት፣ በረመዳን ደግሞ እስከ ማታ ውኃ ያልቀመሰ ሰው «ሰውነቴን ላንጻ» ብሎ ከዚህ ከረጢት ሲገባ፣ ሲነሣ ራሱን ስቶ የመውደቁ ነገር የሚጠበቅ ነው።

ከአሜሪካ የመጣው ዕቃ ብዙውን ጊዜ ለ120 ቮልት የተሠራ ነው፤ የእኛ መስመር 220 ነው። መብራት ሄዶ በሚመጣበት ቤት፣ የመሬት መስመሩ ባልተረጋገጠ ግድግዳ ላይ፣ በማከፋፈያ ሶኬት የተሰካ ማሞቂያ በላብ በራሰ ሰው ዙሪያ መጠቅለሉ ምን ያህል እንደሚያሰጋ የኤሌክትሪክ ባለሙያ መሆን ሳያስፈልግ ይታያል።

አንዳንድ ባልደረቦቻችን ወይባን «ኋላ ቀር» ብለው ሲነቅፉ ለዚህ ዕቃ ግን ዝም ማለታቸው ያስገርማል። ወይባም ነቀፋ አያጣውም፤ በጠባብ የኮንዶሚኒየም መታጠቢያ ቤት የሚጤስ እንጨትና ከሰል የካርቦን ሞኖክሳይድ መመረዝ ያስከትላል። ነገር ግን በወሎና በራያ ወግ ሙሽራ ወይም አራስ ስትሞቅ አጠገቧ ሆና እሳቱን የምትቆጣጠር፣ የምታነጋግራት ሴት አለች። ብርድ ልብሱ ያጣው ይህችን ሴት ነው።

ለመተው ፈቃደኛ ያልሆነ ጤናማ ጎልማሳ የሚከተለው ሊነገረው ይገባል። ሙቀቱን ከዝቅተኛው ይጀምር፤ መጀመሪያ ከ15 ደቂቃ አይለፍ፤ ረጅም የጥጥ ልብስና ካልሲ ይልበስ፤ አስቀድሞና ኋላ ውኃ ይጠጣ፤ በቤቱ ሌላ ሰው ሳይኖር አይግባ፤ በውስጡ እንቅልፍ አይውሰደው፤ ሲወጣ ቁጭ ብሎ ቆይቶ ይነሣ፤ ዕቃውን ሳያጥፍ ያቀዝቅዘው፤ ሽቦው የተሰበረበትን ይጣለው። ራስ ማዞር፣ የልብ ምት መዛባት ወይም የቆዳ መለብለብ ከተሰማው ወዲያውኑ ይውጣ።

ዕቃው ሕመም ይፈውሳል ተብሎ ሲቀርብ ጉዳዩ ከውበት ሸቀጥነት አልፎ የሕክምና መሣሪያ ይሆናል፤ በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 መሠረት የሕክምና መሣሪያዎችን የመቆጣጠር ሥልጣን የተሰጠው ለኢትዮጵያ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ነው። በሻንጣ የሚገባውን ሁሉ መቆጣጠር ይከብድ ይሆናል፤ በይፋ የሚለጠፈውን የፈውስ ማስታወቂያ ግን ማየት ይቻላል። በክሊኒክ ደግሞ በጀርባ ወይም በጭን ላይ እንደ መረብ የተዘረጋ ቡናማ የቆዳ ለውጥ ያለበት ታካሚ ሲመጣ፣ ስለ ምድጃና ስለ ሙቅ ውኃ ጠርሙስ እንደምንጠይቀው ሁሉ ስለ ብርድ ልብሱም እንጠይቀው።