የለገሃሩ አንበሳ የማያያቸው ከተሞች

የታክሲ ረዳት «ለገሃር! ለገሃር!» ብሎ ሲጮህ ፈረንሳይኛ እየተናገረ መሆኑን ያወቅሁት ዘግይቼ ነው። «ላ ጋር» ባቡር ጣቢያ ማለት ነው። ቃሉ ከእኛ ጋር ቀረ፣ ሸመንደፈሩ ሄደ፣ ከጣቢያው ፊት ለፊት የይሁዳ አንበሳ ቆሟል።

ሐውልቱን እንደ ጽሑፍ ላንብበው። የፈረንሳዊው ቀራጭ የዦርዥ ጋርዴ ሥራ ነው፤ በ1930 እ.ኤ.አ. በኃይለ ሥላሴ ዘውድ መጫኛ ዋዜማ ተተከለ። ጣሊያን ዘርፎ ሮም ወሰደው። በ1938 ዘርዓይ ደረስ እዚያው ሮም ላይ ሰይፍ መዘዘ። አንበሳው አገሩ የገባው በ1960ዎቹ ነው። ይህን ሁሉ አልፎ የመጣን ሐውልት መውቀስ ይከብዳል፤ እኔም አከብረዋለሁ። ግን ባቡር ጣቢያ በር ላይ ቆሞ ስለ ባቡር አንዲት ነገር አይናገርም። ዘውድ አለ፣ መስቀል አለ፣ የነገሥታት ምስል አለ። ሐዲድ የዘረጋ እጅ የለም።

ሐዲዱ እኮ ከተማ ወልዷል። ሥራው በ1897 ከጅቡቲ ተነሳ፣ በ1902 ድሬዳዋ ደረሰ፣ አዲስ አበባ የገባው በ1917 ነው። ተራራውን ወጥቶ ሐረር መግባት ስለከበደ ባቡሩ ሜዳው ላይ ቀረ፤ ድሬዳዋም በዚያ ምክንያት ከተማ ሆነች። መጀመሪያ «አዲስ ሐረር» ነበር የሚሏት። ከዚያ ወዲህ አዋሽ፣ ሚኤሶ፣ አፍደም፣ ኤረር አሉ። የእንፋሎት ባቡር ውሃ ይጠማዋል፤ ውሃ ሊቀዳ ሲቆም ደግሞ ተሳፋሪው ይርበዋል። ሻይ የምታፈላው፣ ፍራፍሬ የምትሸጠው፣ ሐዲድ የሚጠግነው እዚያው ጎጆ ቀለሱ። የእነዚህ ሰፈሮች እንጀራ የባቡሩ መቆም ነበር።

በ2016 የተመረቀው የኤሌክትሪክ ባቡር ፈጣን ነው፤ ፍጥነቱን አልጠላም። ግን ጣቢያዎቹ ከከተሞቹ ራቅ ብለው ነው የተሠሩት፤ የአዲስ አበባው እንኳ ለገሃር ሳይሆን ለቡ ነው። በመቆም ለሚኖር ሰፈር ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

ስለዚህ ፍርዴ ይኸው፦ አንበሳው ሐሰት አልተናገረም፣ ግማሹን ነው የተናገረው። ንጉሡን አስታወሰ፣ ጣቢያውን ረሳ። ሌላኛው ግማሽ ድሬዳዋ የጥገና ወርክሾፕ ውስጥ ባሉት አሮጌ ማሽኖችና በትናንሾቹ ጣቢያዎች ግድግዳ ላይ ነው፤ እነሱን ግን አጥር አጥሮ የሚጠብቅ ብዙ ሰው የለም። አንበሳውን ፎቶ ካነሳችሁ በኋላ ካሜራውን ወደ ጣቢያው አዙሩት። ሐዲዱ የሚጀምረው ከዚያ ነው፣ ታሪኩም።