ያልተነካው እንዳለ ይቆያል

ጥር ሲገባ ቢቸናና ሞጣ ሠርግ በሠርግ ይሆናሉ። ድንኳን የሚያስጌጥ ሰው ቀለም የሚቀያይረውን የኤልኢዲ ስትሪፕ ዘርግቶ ሲያበቃ «ትንሽ ቀነስ አድርገው»፣ «ሙሽሮቹ ሲገቡ ሞቅ ይበል» ይላል እንጂ ቁጥር አይጠራም። ይህንኑ ለሰው ሰራሽ አስተውሎት ኤጀንት ብትነግሩት ይገባዋል። መብራቱ ግን የሚያውቀው ቁጥር ብቻ ነው። በሁለቱ መሀል ቆማ የምታግባባ ትንሽ የሶፍትዌር መሣሪያ አለች፤ ልቤን የወሰደችው እሷ ናት።

ስትሪፑን የሚያዘው ኢኤስፒ32 የሚባል ርካሽ ቺፕ ነው። በቺፑ ላይ የሚሠራው ነፃ ፈርምዌር ደብሊውኤልኢዲ ይባላል፤ ክርስቲያን ሽቪነ በ2016 እ.ኤ.አ. የጀመረው ሥራ ነው። ኤጀንትን ከመሣሪያ ጋር የሚያገናኘውን ኤምሲፒ የተባለ ደንብ ደግሞ አንትሮፒክ የተባለው ኩባንያ በኅዳር 2024 እ.ኤ.አ. ይፋ አደረገ። መሣሪያዋ በአንድ ወገን የኤምሲፒን ደንብ ጠብቃ ከኤጀንቱ ትቀበላለች፣ በሌላው ወገን ጄሰን በሚባለው የጽሑፍ ቅርጽ የተዘጋጀ አጭር መልእክት ለቺፑ ታቀብላለች።

የሥራው ውበት የሚታየው በዚያች አጭር መልእክት ነው። መብራቱ ድምቀቱን፣ ቀለሙን፣ እንቅስቃሴውን፣ ፍጥነቱን ሁሉ በአንድነት ይይዛል። መልእክቱ ሲደርሰው ግን ስሙ የተጠራውን ብቻ ይለውጣል፤ ያልተጠራው እንዳለ ይቆያል። «ቀነስ አድርገው» ከተባለ የሚላከው «~-40» የምትል ናት፦ አሁን ካለህበት 40 ውረድ ማለት ነው። ኤጀንቱ አሁን ያለው ድምቀት ስንት እንደሆነ ማወቅ እንኳ አያስፈልገውም። የብራና ጸሐፊ ፊደል ሲሳሳት ያችኑ ፊደል በቢላዋ ፍቆ ያርማል እንጂ ገጹን በሙሉ እንደገና አይጽፍም። የቋንቋ ሞዴል ገጹን በሙሉ እንዲጽፍ ከተገደደ ማንም ያላዘዘውን ሊጨምርበት፣ ሙሽራዋ የመረጠችውን ቀለም ሊያጠፋባት ይችላል። ብዙ እንዳይናገር የተደረገው ለዚህ ነው፤ ይህን ያሰበ ሰው ሥራውን ያውቃል።

አንድ ሌላ ረቂቅ ነገር ልጨምር። ድምቀት የሚለካው እስከ 255 ነው። መብራቱ ጠፍቶ ሳለ «ድምቀትህ ስንት ነው?» ብትሉት 0 አይላችሁም፤ ከመጥፋቱ በፊት የነበረውን ቁጥር ይመልሳል። መጥፋትና መደብዘዝ ለየብቻ ተይዘዋል፤ ስለዚህ «አብራው» ሲባል ወደነበረበት ልክ ይመለሳል። ሲጠቀሙበት ማንም ልብ አይለውም፤ ባይኖር ግን ሁሉም ያማርር ነበር።

ከሁሉ ይልቅ የማደንቀው ኃይል የሚገድበውን ክፍል ነው። በሜትር 60 አምፖል ያለው የ5 ሜትር ስትሪፕ 300 አምፖል ይሆናል። እያንዳንዱ በሙሉ ነጭ ሲበራ 55 ሚሊአምፔር ይወስዳል ብለን ብናሰላ 16.5 አምፔር ይመጣል። ይህን አነስተኛ ፓወር ሰፕላይ አይችለውም፣ ቀጭን ሽቦም ይግልበታል። ፈርምዌሩ መለኪያ የለውም፤ ከየአምፖሉ ቀለም ተነሥቶ ፍጆታውን ይገምታል፣ ከገደቡ ሲያልፍ ድምቀቱን ራሱ ያወርዳል። ባለቤቱ ካልቀየረው ገደቡ 850 ሚሊአምፔር ነው። ኤጀንቱ ተሳስቶ «ሙሉ ነጭ፣ 255» ቢልም ድንኳኑን የሚጠብቀው ይህ ስሌት ነው፤ የኤጀንቱ ጥንቃቄ አይደለም። ጥበቃው ቃል ከሚሳሳትበት ቦታ በታች መቀመጡ ትክክል ነው እላለሁ፤ በዚህ አልደራደርም።

የእኛን አገር ሰዓት የሚመለከት ነገርም አለ። «እስከ ምሽት አንድ ሰዓት» ስንል ኤጀንት አንድን እንደ ፈረንጅ ቆጥሮ ስድስት ሰዓት ሊስት ይችላል። ደብሊውኤልኢዲ ግን መብራቱ ቀስ እያለ የሚደበዝዝበትን ጊዜ የሚጠይቀው በደቂቃ ነው፤ ካልተነገረው 60 ደቂቃ ይወስዳል። «በአንድ ሰዓት ውስጥ እየደበዘዘ ይጥፋ» ማለት በየትኛውም አቆጣጠር አንድ ነው። መሣሪያ የሚሠራ ሰው ለእኛ ሲያዘጋጅ የጊዜን ትእዛዝ በዚህ በኩል ቢያስገባው ይሻላል።

ሁሉም መሣሪያ እንዲህ የተሠራ አይደለም። ከመቶ በላይ የሆኑትን የፈርምዌሩን እንቅስቃሴዎች አንድ በአንድ እንደ ትእዛዝ ዘርዝሮ ኤጀንቱን የሚያደናግር ይኖራል። ጥሩ የምለው ጥቂት ትእዛዝ ያለው፣ እያንዳንዱ ምን እንደሚሠራ በጠራ ቃል የተጻፈለት ነው፤ ኤጀንቱ የሚያነበው ያንኑ ማብራሪያ ነውና። ቺፑ መልስ ባይሰጥም መሣሪያው ዝም ሊል አይገባም፤ ስህተቱን በውጤቱ ውስጥ መልሶ ሲልክለት ኤጀንቱ አይቶ ሌላ መንገድ ይሞክራል።

መብራት ሄዶ ሲመጣ ቺፑ የሚነሣው ባለቤቱ መነሻ ብሎ ባስቀመጠው ምርጫ ነው፤ ምርጫው ቺፑ ላይ ስለተጻፈ ኢንተርኔትም ኤጀንትም አይጠብቅም። ኤጀንቱ በየመሀሉ የቀየረው ግን ሆን ተብሎ ካልተቀመጠ አብሮ ይጠፋል። እኔ ብሠራው «ቀይር» እና «አስቀምጥ» የሚሉትን ሁለት ትእዛዞች ለየብቻ አደርጋቸዋለሁ፣ ሁለተኛውንም ባለቤቱ ሳይፈቅድ እንዳይሠራ እዘጋዋለሁ።