ስለ መርፌና ስለ ርቀት

በኦማን አገር፣ ከሙስካት በስተ ደቡብ ምሥራቅ በባሕር ዳር በተቀመጠችው በቁሪያት፣ ወንዶች የሚደፉትን ኩማ የተባለ ቆብ በመርፌ እየጠለፍሁ ስኖር፣ ከዚህ ጥበበ እድ አብልጦ የሚያስደንቀኝ የሐረጉ ማማር ሳይሆን፣ እጅ ከሩቅ ተነሥቶ የጤፍ ቅንጣት ወደምታህል ቀዳዳ የሚደርስበት ፍኖት ነው።

አሜሪካዊው ሊቅ ፖል ፊትስ በ1954 እ.ኤ.አ. ካደረጋቸው ፈተናዎች አንዱ ስፒሎችን ከቀዳዳ ወደ ቀዳዳ ማዛወር ነበረና፣ ነገሩ ለእኛ ለመርፌ ሠራተኞች የቀረበ ነው፤ ርቀቱ እጥፍ ቢሆን ወይም ዒላማው በእኩሌታ ቢጠብ፣ በእጅ ጉዞ ላይ የሚጨመረው ጊዜ አንድ ያህል ሆኖ አገኘው። የቀዳዳዋን ጥበት መለወጥ ለማይችል ጠላፊ እንግዲህ በሥልጣኑ የቀረለት ርቀቱ ብቻ ነው፤ ርቀቱም በክሩ ርዝመት ይወሰናል። ረጅም ክር ቶሎ ቶሎ ከመቋጠር ስለሚያሳርፍ ብዙዎች ይወዱታል፤ እኔ ግን እጅን በየስፌቱ ክንድ ሙሉ አስኪዶ ስለሚመልሰው፣ በቀዳዳው ዙሪያ ሁልጊዜ አሳጥሬ እቆርጠዋለሁ።

ከፊትስ አስቀድሞ ሮበርት ውድወርዝ በ1899 እንዳስረዳው፣ ወደ ዒላማ የሚሄድ እጅ መጀመሪያ በልቡና ታዝዞ በአንድ ግፊት ይወረወራል፤ ኋላም ዓይን እየተከተለ ያቀናዋል። ማቅናትም ጊዜ ይሻልና፣ እንቅስቃሴው በደቂቃ 140 ጊዜ ያህል ሲደጋገም፣ ዓይኑን የገለጠ ሰው ከጨፈነው የተሻለ አልሆነም፤ ዓይኑን የጨፈነውም ቢሆን በመዘግየቱ እምብዛም አልተጠቀመም። በሥራዬ ከሁሉ ይልቅ አጥብቄ የያዝሁት ይህን የመጨረሻውን ነገር ነው፤ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ‹‹ቀስ ብዬ እጨርሰዋለሁ›› የሚል ጠላፊ በዝግታው ይታመናል፣ ነገር ግን ዝግታን ዋጋ ያለው የሚያደርገው ብርሃን ስለሆነ፣ ያን ጊዜ የሚገባው መርፌውን ማስቀመጥ ነው።

ጀማሪዎች ደግሞ በባዶው አየር እየዘገዩ፣ ከጨርቁ አጠገብ ሲደርሱ ይቸኩላሉ፤ ሥርዓቱ የዚህ ተቃራኒ መሆን ሲገባው፣ ክሩ በሚሳብበትና እጅ በሚመለስበት ሰፊ መንገድ ያልተገኘውን ፍጥነት፣ የቀዳዳው ከንፈር በሚበላሽበት በመጨረሻው ቅጽበት ይፈልጉታል። ስለዚህ ብዙ ቆብ በቶሎ የሚሻ አሠሪ ጠላፊዋን ‹‹ፍጠኚ›› ከማለት ይልቅ፣ መስኮቱን ይክፈትላት፣ ክሩንም አሳጥራ ብትቆርጥ አይቈጣት።